ዚንክ ኦክሳይድን ለካርቦን ዳይኦክሳይድ ሪዳክሽን በኤሌክትሮካታሊስትነት ማዘጋጀትና መፈተሽ፦ የአሠራር መመሪያ

ዚንክ ኦክሳይድ በተራ የቤተ ሙከራ ዕቃዎች ሊሠራ የሚችል፣ ዋጋው ከወርቅና ከብር ጋር የማይወዳደር ነጭ ዱቄት ነው። ጃፓናዊው ዮሺዮ ሆሪና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባካሄዷቸው ጥናቶች ዚንክ ከወርቅና ከብር ጎን ተሰልፎ በውሃ ውስጥ የሟሟን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በኤሌክትሪክ ኃይል በዋናነት ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚለውጥ መሆኑ ታይቷል፤ ይህ ለውጥ ሪዳክሽን ይባላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ዚንክ ኦክሳይድን መነሻ አድርገው ይሠራሉ። ይህ መመሪያ ዱቄቱን ከማዘጋጀት አንሥቶ ኤሌክትሮዱ ሥራውን ከጨረሰ በኋላ እስከሚደረግለት ምርመራ ድረስ ያለውን ሂደት በቅደም ተከተል ያስረዳል። ከሁሉም በላይ ትኩረት የሰጠሁት ለአንድ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም በኤሌክትሮዱ ላይ የቀባነው ነገርና ሥራውን የሚሠራው ነገር አንድ ላይሆኑ ስለሚችሉ፣ ካታሊስቱን፣ ማለትም ለውጡን የሚያፋጥነውን ነገር፣ ከሥራ በፊት የምንመረምረውን ያህል ከሥራ በኋላም መመርመር እንዳለብን ነው።

በቅድሚያ ሊታወቁ የሚገባቸው ሁለት ባሕርያት

የመጀመሪያው ባሕርይ ዚንክ ኦክሳይድ በአሲድም በጠንካራ ቤዝም የሚሟሟ መሆኑ ነው። በአሲድ ውስጥ የዚንክ አዮን ሆኖ ይሄዳል፤ በጠንካራ ቤዝ ውስጥ ደግሞ ዚንኬት ወደሚባለው አዮን ይለወጣል። ስለዚህ 1 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውስጥ ተነክሮ የሚፈተሽ የዚንክ ኦክሳይድ ኤሌክትሮድ ቀስ በቀስ እየሟሟ ሊሆን ይችላል። በኤሌክትሮዱ ላይ የተቀባው 1 ሚሊግራም ቢሆንና ሴሉ 50 ሚሊሊትር ቢይዝ፣ ዱቄቱ በሙሉ ቢሟሟ እንኳ የዚንኩ ክምችት 0.25 ሚሊሞላር ገደማ ብቻ ስለሚሆን፣ ሙሙቱ ሁሉንም ለመሸከም አይቸገርም። በእንዲህ ያለ ሙሙት ውስጥ ለኦክስጅን ማመንጨት ሥራ «ዚንክ ኦክሳይድ ጥሩ ሠራ» የሚል ውጤት ሲያጋጥም፣ በሙሙቱ ውስጥ ያለው ዚንክ ተለክቶ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው ባሕርይ ከፖቴንሻል ጋር የተያያዘ ነው። ዚንክ ኦክሳይድ ኦክስጅኑን አጥቶ ወደ ብረታዊ ዚንክ የሚለወጥበት የሚዛን ፖቴንሻል ፖቴንሻል በሚነጻጸርበት በተገላባጭ ሃይድሮጅን ኤሌክትሮድ፣ ማለትም በአርኤችኢ ሲለካ፣ ወደ −0.43 ቮልት ይጠጋል። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ የመለወጡ ሥራ በሚዛን ደረጃ በ−0.11 ቮልት የሚጀምር ቢሆንም፣ በዚንክ ላይ በቂ ፍሰት የሚገኘው ከ−0.8 እስከ −1.1 ቮልት ባለው ክልል ነው። ይህ ክልል ከ−0.43 ቮልት በእጅጉ የወረደ ስለሆነ፣ ከቴርሞዳይናሚክስ አንጻር ኦክሳይዱ ኦክሳይድ ሆኖ እንዲቆይ የሚያደርገው ምክንያት የለም። የለውጡ ፍጥነት ግን እንደ ቅንጣቱ መጠንና እንደ ኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ ስለሚለያይ፣ ምን ያህሉ እንደተለወጠ በሙከራ ካልሆነ በግምት አይታወቅም።

ዱቄቱን መሥራት

እዚህ የመረጥኩት የዝቃጭ ዘዴ ነው። በከፍተኛ ግፊት ከሚሠሩት ዘዴዎች ይልቅ ቀላል ከመሆኑም በላይ፣ ስህተት ሲፈጠር የት ላይ እንደተፈጠረ ለማወቅ ያመቻል።

2.195 ግራም ዚንክ አሲቴት ዳይሃይድሬት፣ ማለትም 0.01 ሞል፣ ተመዝኖ በ100 ሚሊሊትር እጅግ በተጣራ ውሃ ውስጥ ይሟሟል። በሌላ ቢከር 0.80 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፣ ማለትም 0.02 ሞል፣ በ100 ሚሊሊትር ውሃ ይሟሟል። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳንና ዓይንን ክፉኛ የሚያቃጥል ስለሆነ መነጽርና ጓንት ሳይደረግ አይነካም። የዚንኩ ሙሙት በማግኔት ማማሰያ እየተማሰለ እስከ 65 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሞቃል፤ ከዚያም የሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ ሙሙት ግማሽ ሰዓት ያህል በሚወስድ ፍጥነት ጠብ ጠብ እየተደረገ ይጨመርበታል። ነጭ ዝቃጭ ወዲያውኑ መታየት ይጀምራል። በመጨረሻ ፒኤቹ ይለካል፤ ከ9 እስከ 10 ባለው ክልል ካልደረሰ ጥቂት ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጥንቃቄ ይታከላል። ከዚህ አልፎ ቤዝ ማብዛት ግን ዝቃጩን መልሶ ወደ ዚንኬት ስለሚያሟሟው ምርቱን ይቀንሳል፤ የቅንጣቶቹንም ቅርጽ ያዛባል።

ድፍርሱ በዚያው ሙቀት ለሁለት ሰዓት እየተማሰለ ከቆየ በኋላ ይቀዘቅዛል፤ በሴንትሪፊውጅም ይለያል። የተለየው ዝቃጭ ቢያንስ ሦስት ጊዜ በተጣራ ውሃ፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በኢታኖል ይታጠባል። እጥበቱን ማሳጠር አይመከርም፤ ምክንያቱም በዱቄቱ ውስጥ የቀረ ሶዲየምና አሲቴት በኋላ በኤሌክትሮዱ ላይ የሚደረገውን ንባብ ያዛባል። የታጠበው ዝቃጭ በ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አንድ ሌሊት ይደርቃል፤ በንጹሕ የሸክላ ሙቀጫ በቀስታ ይደቅቃል፤ ከዚያም በየደቂቃው 5 ዲግሪ እየጨመረ 350 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ፈርነስ ውስጥ አየር እያገኘ ለሁለት ሰዓት ይተኮሳል።

ዱቄቱ ከፈርነስ ሲወጣ ቢጫ መስሎ ከታየ ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ዚንክ ኦክሳይድ ሲግል ቢጫ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝ ወደ ነጭነቱ ይመለሳል። ከቀዘቀዘ በኋላም ግራጫ ወይም ቡናማ ሆኖ ከቀረ ግን ያልተቃጠለ የአሲቴት ቅሪት እንዳለ ስለሚጠቁም፣ መተኮሱ በቂ አየር እያገኘ ይደገማል። ከላይ በተሰጠው መጠን ሊገኝ የሚችለው ከፍተኛ ምርት 0.814 ግራም ነው። ከዚህ በላይ የሚመዝን ዱቄት የተገኘ እንደሆነ ውሃ፣ ሃይድሮክሳይድ ወይም ጨው እንደያዘ በእርግጠኝነት መናገር ይቻላል፤ ስለዚህ ሚዛኑ ውድ መሣሪያዎችን ከማስቸገር በፊት የሚገኝ የመጀመሪያ ማረጋገጫ ነው።

ዱቄቱን ማረጋገጥ

በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ሲታይ፣ የመዳብ ኬ አልፋ ጨረር ጥቅም ላይ ከዋለ፣ ባለ ስድስት ጎን የሆነው የዉርትዛይት መዋቅር ዋና ዋና ጫፎች በ31.8፣ በ34.4፣ በ36.3፣ በ47.5 እና በ56.6 ዲግሪ አካባቢ ይገኛሉ። የክሪስታሉ መጠን በሼረር ቀመር ይገመታል። ለምሳሌ በ36.25 ዲግሪ ያለው ጫፍ የመሣሪያው ድርሻ ከተቀነሰ በኋላ በግማሽ ቁመቱ ላይ 0.40 ዲግሪ ስፋት ቢኖረው፣ መጠኑ ወደ 21 ናኖሜትር ይሆናል። ይህ ቁጥር የክሪስታሉን እንጂ የቅንጣቱን መጠን ስለማይናገር በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ከሚገኘው ጋር አብሮ መቅረብ አለበት።

ስለ ኦክስጅን ጉድለት ለማውራት የሚፈልግ ሰው አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። በኤክስሬይ ፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒ የኦክስጅን መስመር ላይ በ531 እና በ532 ኤሌክትሮን ቮልት መካከል የሚታየው ትከሻ ብዙ ጊዜ «የኦክስጅን ጉድለት» ተብሎ ይጻፋል፤ ነገር ግን በገጹ ላይ የተጣበቀ ሃይድሮክሳይድና ካርቦኔትም በዚሁ ቦታ ይታያል። ዚንክ ኦክሳይድ ከአየር ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚስብ ስለሆነ፣ በእኔ አስተያየት ሌላ ማስረጃ ሳይኖር በዚህ ትከሻ ብቻ ስለ ጉድለት መደምደም አይገባም።

ካታሊስቱን በኤሌክትሮድ ላይ መቀባት

ዚንክ ኦክሳይድ የኃይል ክፍተቱ ወደ 3.3 ኤሌክትሮን ቮልት የሚደርስ ሴሚኮንዳክተር በመሆኑ ብቻውን ፍሰትን በደንብ አያስተላልፍም፤ ስለዚህ ጥቂት ጥቁር የካርቦን ዱቄት ይቀላቀልበታል። 5 ሚሊግራም ዚንክ ኦክሳይድና 1 ሚሊግራም የካርቦን ዱቄት በ0.75 ሚሊሊትር አይሶፕሮፓኖልና በ0.20 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ይደረጋሉ። ለማጣበቂያ ናፊዮን የሚባለው ፖሊመር ይጨመራል፤ ከዚያም ድፍርሱ በረዶ በተደረገበት የአልትራሳውንድ መታጠቢያ ለግማሽ ሰዓት ይንቀጠቀጣል።

ናፊዮኑ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ መመሪያዎች የሚያልፉት ነገር አለና። በገበያ የሚገኘው የ5 በመቶ ናፊዮን ሙሙት በባሕርይው ጠንካራ አሲድ ነው። በተለምዶ የሚጨመረው 50 ማይክሮሊትር ወደ 2.3 ሚሊግራም ፖሊመር ይይዛል፤ ይህም በአንድ ሞል አሲድ 1100 ግራም ተብሎ ሲሰላ ወደ 2 ማይክሮሞል የሃይድሮጅን አዮን ማለት ነው። ሁለት የሃይድሮጅን አዮኖች አንድ ዚንክ ኦክሳይድ ስለሚያሟሙ፣ ከ5 ሚሊግራሙ ውስጥ እስከ 1.7 በመቶ የሚሆነው ገና ኤሌክትሮድ ላይ ሳይወጣ ወደ ዚንክ አዮን ሊለወጥ ይችላል፤ የሚለወጠውም በገጹ ላይ ያለው፣ ማለትም ለሥራው የምንፈልገው ክፍል ነው። ስለዚህ የናፊዮኑን መጠን ወደ 20 ማይክሮሊትር ዝቅ አድርጎ የጎደለውን በአይሶፕሮፓኖል ማሟላት፣ ድፍርሱንም በተዘጋጀበት ዕለት መጠቀምና አሳድሮ አለመቀባት ይሻላል።

ካርቦን ወረቀቱ በአሴቶን፣ በኢታኖልና በውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ 1 ስኩዌር ሴንቲሜትር የሆነ ቦታ ብቻ ክፍት እስኪቀር ድረስ ይሸፈናል። ድፍርሱ በየጊዜው 20 ማይክሮሊትር ያህል በፒፔት እየተንጠባጠበ፣ እያንዳንዱ ጠብታ ሲደርቅ ሌላው እየተከተለ፣ በድምሩ 200 ማይክሮሊትር ይቀባል። ይህ በስኩዌር ሴንቲሜትር 1 ሚሊግራም ዚንክ ኦክሳይድ ይሰጣል። ወረቀቱን ከመቀባት በፊትና በኋላ መዝኖ ማረጋገጥ ከፒፔቱ ንባብ ይልቅ የሚታመን ነው። ከተመሳሳይ ድፍርስ ቢያንስ ስድስት ኤሌክትሮዶች መሥራት ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ፖቴንሻል አዲስ ኤሌክትሮድ መጠቀም ስለሚገባ ነው። ከላይ የተሰጠው 1 ሚሊሊትር ለአምስት ብቻ ስለሚበቃ ድፍርሱ በእጥፍ መጠን ይዘጋጃል። ዚንክ ኦክሳይድ ያልያዘና በካርቦን ዱቄትና በናፊዮን ብቻ የተቀባ ተጨማሪ ኤሌክትሮድም ለማነጻጸሪያ ይዘጋጃል።

ሴሉንና ኤሌክትሮላይቱን ማዘጋጀት

10.01 ግራም ፖታሲየም ባይካርቦኔት በአንድ ሊትር እጅግ በተጣራ ውሃ ሲሟሟ 0.1 ሞላር ኤሌክትሮላይት ይሆናል። በጨው ውስጥ በጥቂቱ የሚገኙ ብረት፣ ኒኬልና መዳብ በካቶዱ፣ ማለትም ካታሊስቱ በተቀባበት ኤሌክትሮድ ላይ እየተለጠፉ ሃይድሮጅን የሚያመነጩ ነጥቦች ስለሚፈጥሩ፣ ኤሌክትሮላይቱ እነዚህን አዮኖች በሚይዝ ሬዚን ቢጣራ ወይም በማይፈለግ ኤሌክትሮድ ቅድመ ኤሌክትሮሊሲስ ቢደረግለት ጥሩ ነው።

ሴሉ በሜምብሬን የተከፈሉ ሁለት ክፍሎች ያሉት መሆን አለበት። ፕላቲነም ተጓዳኝ ኤሌክትሮድ ሆኖ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ከተቀመጠ፣ እየሟሟ ወደ ካቶዱ ተሻግሮ ሊለጠፍ ይችላል፤ ፕላቲነም ደግሞ ሃይድሮጅን በማመንጨት ከሁሉም ስለሚበልጥ በጣም ጥቂቱ እንኳ ውጤቱን ያበላሻል። ግራፋይት መጠቀም ይህን ችግር ቢያስቀርም፣ በአኖድነት ሲሠራ ራሱ እየተቃጠለ የካርቦን ጋዞች ስለሚሰጥ እርሱም በሜምብሬን ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በደቂቃ 20 ሚሊሊትር ፍጥነት በካቶዱ ክፍል ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ይነፋል። በዚህ ጊዜ ፒኤቹ ወደ 6.8 ይወርዳል፤ ካልወረደ ጋዙ ገና አልጠገበም ማለት ነው። ከሴሉ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ሞኖክሳይድና ሃይድሮጅን የያዘ ስለሆነ፣ ሥራው በሙሉ በፊውም ሁድ ውስጥ ይካሄዳል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ጋዝ በመሆኑ የማስጠንቀቂያ መሣሪያ አጠገብ ሊኖር ይገባል።

የማነጻጸሪያ ኤሌክትሮዱ ብር/ብር ክሎራይድ በጠገበ ፖታሲየም ክሎራይድ ከሆነ፣ ንባቡ ወደ አርኤችኢ የሚለወጠው 0.197 ቮልትና 0.059 በፒኤቹ ተባዝቶ የሚገኘው ቁጥር ሲደመሩበት ነው። በፒኤች 6.8 ድምሩ 0.598 ቮልት ስለሚሆን፣ በአርኤችኢ −0.95 ቮልት ለማግኘት መሣሪያው ላይ −1.55 ቮልት ይሞላል።

መለካት

ደረቅ ኤሌክትሮድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጠገበው ባይካርቦኔት ውስጥ ያለ ፖቴንሻል ተነክሮ እንዲቆይ አይደረግ። በዚያ ፒኤች ዚንክ ኦክሳይድ የተረጋጋ አይደለም፤ እየሟሟ ወደ ዚንክ ካርቦኔት ዓይነት ውሁዶች ይለወጣል። ስለዚህ ጋዙ አስቀድሞ ከጠገበ በኋላ፣ ፖቴንሻሉ ተሞልቶ ሳለ፣ ኤሌክትሮዱ ይገባል።

አስቀድሞ የሴሉ ተቃውሞ በኢምፔዳንስ ይለካል። ተቃውሞው 20 ኦም ቢሆንና 5 ሚሊአምፔር ቢፈስ 0.1 ቮልት በመንገድ ላይ ይቀራል፤ ይህ ካልታረመ በካታሊስቶች መካከል የሚደረገው ንጽጽር ሁሉ ዋጋ ያጣል። በመሣሪያው 85 በመቶ ያህሉን ማረምና ቀሪውን በስሌት መጨመር የተለመደ ነው።

ለዚሁ ተብሎ በተመደበ አንድ ኤሌክትሮድ ፖቴንሻሉ ከ−0.2 ወደ −1.2 ቮልት ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ይወሰዳል። በመጀመሪያው ጉዞ ላይ የሚታይ፣ በሁለተኛው ላይ ግን የሚጠፋ ጉብታ ካለ፣ ኦክሳይዱ ወደ ዚንክ ሲለወጥ የፈሰሰው ቻርጅ ነው። ከዚያ በአዳዲሶቹ ኤሌክትሮዶች በ−0.8፣ በ−0.9፣ በ−1.0 እና በ−1.1 ቮልት እያንዳንዳቸው ለአንድ ሰዓት ይሠራሉ፤ የሚወጣውም ጋዝ በየጊዜው ወደ ጋዝ ክሮማቶግራፍ ይላካል።

የመጀመሪያውን ናሙና መቼ መውሰድ እንደሚገባ በስሌት መወሰን ይቻላል። 1 ሚሊግራም ዚንክ ኦክሳይድ 12.3 ማይክሮሞል ነው፤ እያንዳንዱ ሁለት ኤሌክትሮን ስለሚወስድ ሙሉ በሙሉ ወደ ዚንክ ለመለወጥ 2.37 ኩሎምብ ይፈልጋል። በ5 ሚሊአምፔር ይህ ስምንት ደቂቃ የሚጠጋ ሙሉ ፍሰት ማለት ነው። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከፈሰሰው ቻርጅ ውስጥ ጋዞቹን ለመሥራት የዋለው ድርሻ ከ100 በመቶ በጣም ቢያንስ፣ የጎደለው ቻርጅ ኦክሳይዱን ለመለወጥ ሄዶ ይሆናል እንጂ የጋዝ ማፍሰሻ ቀዳዳ ላይኖር ይችላል። በመሆኑም ለንጽጽር የሚያገለግለው ናሙና ከ20 ደቂቃ በኋላ ቢወሰድ ይሻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ናሙናዎች ግን መጣል የለባቸውም፤ ስለ ለውጡ ፍጥነት ይናገራሉና።

ስሌቱ

የፋራዳይ ብቃት ማለት ከፈሰሰው ቻርጅ ውስጥ ለአንዱ ውጤት የዋለው ድርሻ ነው። በደቂቃ 20 ሚሊሊትር የሚወጣ ጋዝ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስና በ1 አትሞስፌር በሰከንድ 13.6 ማይክሮሞል ነው። ክሮማቶግራፉ በውስጡ ከሚሊዮን 1500 እጅ ካርቦን ሞኖክሳይድ ቢያሳይ፣ በሁለት ኤሌክትሮንና በ96,485 ተባዝቶ 3.94 ሚሊአምፔር ይሰጣል። ጠቅላላው ፍሰት 5 ሚሊአምፔር ከሆነ ብቃቱ ወደ 79 በመቶ ነው። ሃይድሮጅኑ ከሚሊዮን 350 እጅ ቢሆን 18 በመቶ ያህል ይጨመራል። የሚቀረው ጥቂት ክፍል በአብዛኛው ፎርሜት ስለሚሆን ከኤሌክትሮላይቱ ናሙና ተወስዶ ይለካል። የፍሰት መለኪያው ከሴሉ በኋላ መቀመጥ አለበት፤ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የተወሰነው በኤሌክትሮላይቱ ስለሚዋጥ፣ መግቢያ ላይ የተነበበው ቁጥር ብቃቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል።

የገጽ ስፋትን ከድርብ ንጣፍ ካፓሲታንስ ማስላት የተለመደ ቢሆንም፣ ለዚንክ ኦክሳይድ ከመሥራቱ በፊት ባለው ሁኔታ እንዳይሠራበት እመክራለሁ። የሴሚኮንዳክተር ካፓሲታንስ ከፖቴንሻሉ ጋር አብሮ ስለሚለዋወጥ ከገጽ ስፋት ጋር በቀጥታ አይያያዝም።

ከሥራ በኋላ የሚደረግ ምርመራ

ኤሌክትሮዱ ፖቴንሻሉ ሳይቋረጥ ከሙሙቱ ይወጣል፤ አየር በወጣለት ውሃ ፈጥኖ ይታጠባል፤ በአርጎን ደርቆ እስኪመረመር ድረስ በአርጎን ውስጥ ይቀመጣል። አዲስ የተፈጠረ ደቃቅ ዚንክ በአየር ቶሎ ኦክሳይድ ስለሚሆን፣ በጠረጴዛ ላይ የቆየ ኤሌክትሮድ «አሁንም ዚንክ ኦክሳይድ ነው» የሚል የሐሰት ምስክርነት ይሰጣል።

በኤክስሬይ ዲፍራክሽን ሲታይ አንድ ወጥመድ አለ። የብረታዊ ዚንክ የመጀመሪያ ጫፍ በ36.3 ዲግሪ የሚገኝ ሲሆን፣ የዚንክ ኦክሳይድም ከፍተኛ ጫፍ በዚያው ቦታ ነው። ሁለቱን ለመለየት በዚህ ጫፍ መታመን አይቻልም፤ ለዚንክ በ39.0 እና በተለይ በ43.2 ዲግሪ ያሉት፣ ለኦክሳይዱ ደግሞ በ31.8 ዲግሪ ያለው ይታያል። በፎቶኤሌክትሮን ስፔክትሮስኮፒም ተመሳሳይ ችግር ያጋጥማል፤ የዚንክ 2ፒ መስመር በብረቱና በኦክሳይዱ መካከል ያለውን ልዩነት በግልጽ ስለማያሳይ፣ ኤልኤምኤም የተባለው የኦዤ መስመር መለካት አለበት። እርሱ ለብረቱ በ992፣ ለኦክሳይዱ በ988 ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ስለሚገኝ ሁለቱን በደንብ ይለያል።

ኤሌክትሮላይቱም ይመረመራል። በኢንደክቲቭሊ ከፕልድ ፕላዝማ መሣሪያ የዚንኩ መጠን ተለክቶ ከተቀባው 12.3 ማይክሮሞል ጋር ሲነጻጸር ምን ያህሉ እንደሟሟ ይታወቃል።

በመጨረሻም ካርቦን ሞኖክሳይዱ በእርግጥ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ የመጣ መሆኑ ይረጋገጣል። ባዶው የካርቦን ኤሌክትሮድ በዚሁ ሁኔታ ይሠራል፤ በዚንክ ኦክሳይድ የተቀባው ደግሞ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ፋንታ አርጎን እየተነፋበት ይሠራል። ባይካርቦኔቱ ራሱ ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ በአርጎኑ ሙከራ ትንሽ ካርቦን ሞኖክሳይድ መታየቱ ያልተለመደ አይደለም፤ ብዙ ከታየ ግን ምንጩ ሌላ ነው። ካርቦን 13 የያዘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማግኘት የሚችል ቤተ ሙከራ በእርሱ ሠርቶ በማስ ስፔክትሮሜትር 29 ላይ የሚወጣውን ምልክት ሲያይ ጥያቄው ይዘጋል፤ ምልክቱ 28 ላይ ከቀረ ግን፣ ካርቦኑ የመጣው ከባይካርቦኔቱ ካልሆነ፣ ከኤሌክትሮዱ፣ ከማጣበቂያው ወይም በእጥበት ካልወጣው አሲቴት ሊሆን ስለሚችል ወደ ዱቄቱ ዝግጅት ተመልሶ እንደገና መጀመር ያስፈልጋል።